አሥራ ሦስት ፍሬ ቦሎቄ

አማቴ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሚጠሩኝ «ሙሽሪት» ብለው ነው። ሁለት ወንዶች ወልጄ አሳድጌ፣ ሁለቱንም ሥራ ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ሸኝቼ፣ ፀጉሬ ጣል ጣል ሸብቶ፣ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቶኝ፣ ዛሬም ሙሽሪት ነኝ። የሰማ ሁሉ ቁልምጫ ይመስለዋል። እኔ ግን ፍቺው አይጠፋኝም፤ ሙሽራ ማለት ገና ቤቱን ያላወቀች፣ ሁሉም ቁም ሣጥን የማይከፈትላት ሴት ማለት ነው።

ቁም ሣጥን ያልኩት በከንቱ አይደለም። እማማ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ቁም ሣጥን አለች። ልብስ የለባትም፣ ዘር ነው ያለባት። የቲማቲም ዘር በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የሰላጣ ዘር በመድኃኒት ብልቃጥ፣ የዱባ ዘር በአሮጌ ካልሲ ውስጥ። እነዚህን እኔም እነካለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ባለው የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ የሚቀመጠውን ቦሎቄ ግን ከእማማ ሌላ የሚነካው የለም። ነጭ ነው፤ ሆዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለበት፤ ክር ካገኘ እስከ ጣራ ይወጣል። እማማ ከእናታቸው ነው ያገኙት፣ እናታቸውም ከእናታቸው። ብልቃጡ ሲከፈት አጠገቡ ማውራት ክልክል ነው። «የዘር ጠላቱ እርጥበት ነው፤ ትንፋሽም እርጥበት ነው» ይላሉ፤ እኔም እንደ ጠላቂ ዋናተኛ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

«ይኼ ዘር ከእናት ለሴት ልጅ ነው የሚሰጠው» ይላሉ ደግሞ። «እኔ አንድ ወንድ ብቻ ወለድኩ። አንቺም መጣሽና ሁለት ወንድ ጨመርሽልኝ። ይኼ ቤት እንደሁ የሚያበቅለው ሱሪ ብቻ ነው!»

ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ ቀልዱ ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ስቄያለሁ። በሃያ አራተኛው ዓመት ግን ጥርሴን ብቻ ነው የማሳየው፣ ምክንያቱም ነገሩ ይቆረቁረኛል።

የምንኖረው ሐይቁ ዳር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳችንን ለክቻታለሁ፤ ሦስት ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከአርባ ናት። እዚያ ላይ አሥራ አምስት የቀለም ባልዲ፣ አራት የዘይት ቆርቆሮ፣ ልጆቼ የታጠቡበት የፕላስቲክ ገንዳ፣ አንድ በርጩማና አንዲት ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው ሴት ይቀመጣሉ። ብርዱ ከሐይቁ ይመጣል። ሌላው ሰፈር አበባ አውጥቶ እየተንጎራደደ እኛ ገና ካፖርት አናወልቅም፤ ውሃው የከረመበትን ቅዝቃዜ ተንፍሶ እስኪጨርስ ድረስ ሙቀት ወደዚህ ዝር አይልም። ውርጭ ሄደ ከተባለበት ቀን ተመልሶ እስኪመጣ አምስት ወር አይሞላም። ለዚህም እማማ በየባልዲው መሐል ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ያቆማሉ፤ ውሃው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ለተክሉ ይመልስለታል። ከታች ቀና ብሎ ያየን ሰው መጠጥ ቤት የከፈትን ይመስለዋል።

አፈሩን አራት ፎቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ውሃውንም የማመላልሰው፣ ለሐረጉ መውጫ የጂንስ ክር ከአጥሩ እስከ ልብስ ማስጫው ሽቦ የወጠርኩትም እኔ። ባሌ ወደቡ ላይ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው፤ ማታ በግሪስ የተለወሰ እጁን ታጥቦ ይቀመጥና፣ ያ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተጠበሰ እሸት ቦሎቄ ሲቀርብለት «የእናቴ እጅ!» ይላል። የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ ማለት ይኼ ነው። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሞተር ሲንኳኳ ከሰፈሩ ማዶ ይሰማል፣ ቤት ውስጥ የሚንኳኳውን ግን አይሰማም።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ተበላሸ። ቦሎቄው ዘገየ፤ ከዓመት ዓመት ሲዘገይ ነበር፣ ባለፈው ግን የባሰ ሆነ። መስከረም ላይ ገና እሸቱን እየበላን፣ ለዘር የተተወው ሳይደርቅ፣ በሃያ አራተኛው ቀን ውርጭ ጣለ። ጠዋት በረንዳው ላይ ሐረጉ ሁሉ የረጠበ ጋዜጣ መስሎ ተንጠልጥሏል። እማማ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዛላውን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ከፈቱት። ውስጡ ያለው ፍሬ ውሃ ነው፤ ሲጫኑት ይፈርጣል። አንድም አልተረፈ። ከዚያ ተነስተው ክፍላቸው ገቡና ብልቃጧን ይዘው ወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ነበር።

ቆጠሩት። አሥራ ሦስት ፍሬ።

«እንግዲህ እኔና እሱ ማን ቀድሞ እንደሚያልቅ እናያለን» አሉ። ቀልድ ነበር፣ ግን ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁ፤ ወደ ስፌት መኪናዬ ሄጄ ያልተበላሸ ስፌት ፈታሁ።

በዚህ ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እማማ ጠሩኝ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ባለፈው ዓመት የጻፉትን ማንበብ አቅቷቸዋል። «ሙሽሪት፣ እስቲ ነይ። አምና የዘራነው መቼ ነበር? እዚያ ላይ ተጽፏል።» አሉና ያቺን ቁም ሣጥን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ።

ለካ የመዝጊያው የውስጥ ገጽ ሙሉ በወረቀት ተለጥፏል። እማማ በየዓመቱ ብልቃጡ ላይ የሚለጥፏት ወረቀት አለች፤ ብልቃጡ ሲታደስ የድሮዋን ልጠው እዚህ ይለጥፏታል። ሁሉም በአንድ ዓይነት እጅ ጽሑፍ «የእናቴ ቦሎቄ» ይላሉ፤ ከዚያ ዓመቱ፣ የተዘራበት ቀን፣ የመጀመሪያው እሸት የተቀጠፈበት ቀን፣ ዘሩ የተሰበሰበበት ቀን። የሠላሳ ምናምን ዓመት ወረቀት። የተዘራበትን ቀን አነበብኩላቸው፤ ሁልጊዜ ግንቦት መጀመሪያ ነው። ዓይኔ ግን ወደ እሸቱ ቀን ሄደ። ከላይ «ሐምሌ 14» ይላል። ዝቅ ሲል «ሐምሌ 21»። ከዚያ «ነሐሴ 3»፣ «ነሐሴ 16»። አምና፦ «መስከረም 2»። የአምናው የዘር ቦታ ባዶ ነው።

እኔ የደንበኞቼን ልክ የምጽፍበት ደብተር አለኝ። በየዓመቱ ሱሪ የሚያሰፋ ሰው ወገቡ ወዴት እንደሄደ ከደብተሬ ይነበባል። ሰውየው ግን አያምንም፤ ጨርቁ ነው የተሰበሰበው ይላል። እማማም የቦሎቄውን መዘግየት የሚያሳብቡት በፊት ለፊታችን በተሠራው ሕንፃ ነው፤ የጠዋት ፀሐያችንን ወሰደብን ይላሉ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ደግሞ በሐይቁ ያሳብባሉ። እኚህ ሰውዬ በሥራ ዘመናቸው ወደቡ ላይ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ባንዲራ ይሰቅሉ ነበር፤ ዛሬም ስለ አየር ጠባይ ሳይናገሩ አይውሉም፣ ተናግረውም አይሳካላቸውም፣ ስለዚህ ሰፈሩ «ጋሽ ትንበያ» ይላቸዋል። ሕንፃው የተሠራው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው። ወረቀቶቹ ላይ ቀኑ መሸሽ የጀመረው ግን ልጆቼ ገና ገንዳው ውስጥ በሚታጠቡበት ዘመን ነው።

ያን ቀን የአንድ ሰው ካፖርት እየቆረጥኩ ሳለ ገባኝ። ጨርቁን ዘርግቼ ከመሐሉ፣ ከጥሩው፣ ጀርባውን ቆረጥኩ፤ የቀረው ጥግ ጥጉ ነው፤ ከጥግ ጥጉ ደግሞ ሌላ ካፖርት አይወጣም። መቀሴን አስቀመጥኩ። እኛ ቤት ቦሎቄ የሚቀጠፈው እንዴት ነው? ቀድማ ያፈራችው ሐረግ ለባሌ ነች። እማማ «እሸቱ ለወደዱት፣ ቀሪው ለዘር» ይላሉ፣ ከእናታቸው የያዙት ነው። ከባሌ በፊት ለአባቱ ነበር። ቀዳሚዋ ሐረግ እሸት በያዘች ቁጥር ትቀጠፋለች፣ እርቃኗን እስክትቀር። ሁሉም ከጠገበ በኋላ፣ ከሁሉ ዘግይታ ያፈራችው ባልዲ ጥግ ላይ ትደርቅና ዘር ትሆናለች። በየዓመቱ ፈጣኗን በላን፣ ዘገምተኛዋን ዘራን። ሠላሳ ዓመት!

ለእማማ አልነገርኳቸውም። ፈራሁ። እንኳን የእናታቸውን ቃል፣ የእናታቸውን ማንኪያ እንኳ ቦታ ቢቀይሩባቸው የሚቆጡ ሴት ናቸው።

አሥራ ሦስቱን ፍሬ በራሳቸው እጅ ዘሩ። ሁለቱ በሰበሱ፣ አሥራ አንዱ በቀሉ። ሐምሌ ሲገባ አሥሩ ቅጠል ብቻ ሆነው ክሩ ላይ ሲጠማዘዙ፣ ከገንዳው ጎን ያለችው፣ ከሁሉም ቀጭኗ፣ አበባ አወጣች። ብቻዋን። የድሮው ደም ጨርሶ አልጠፋም ማለት ነው። ደስታዬን የት ላድርገው? ከክር ሣጥኔ ቀይ ክር አወጣሁና ግንዷ ላይ አሰርኩ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ይቺ ክር ምንድን ናት?» አሉ እማማ በማግስቱ፣ አፍንጫቸውን ሐረጉ ላይ ሊያስነኩ ጥቂት ቀርቷቸው።

«እኔ ነኝ ያሰርኳት። ይቺ አትነካም፣ እማማ። ለዘር ትቅር።»

«ቀዳሚዋ እኮ የልጄ ነች። ለዘር የመጨረሻዋ ትቀራለች። ስንት ዓመት ስታዪ ኖረሽ?»

«ስንት ዓመት ሳይ ኖሬ ነው አሁን የገባኝ» አልኩና የቁም ሣጥኑን ወረቀት፣ ቀኖቹን፣ ሁሉን ነገርኳቸው። «ፈጣኗን በየዓመቱ በላናት። የምንዘራው ሁልጊዜ ዘገምተኛዋን ነው። ዘገምተኛ ደግሞ ዘገምተኛ ትወልዳለች። ዘር ከልጓም ይስባል የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እናቴ ተሳስታለች ነው የምትዪኝ?»

«አልተሳሳቱም። እናትዎ ማሳ ነበራቸው፤ ውርጭ አያውቁም ነበር። ቢቀጥፉት ቢቀጥፉት ከየሐረጉ ይተርፋል። እኛ ያለን አሥራ አንድ ሐረግ ነው፣ ከጎናችን ደግሞ ሐይቅ።»

እማማ ከዘራቸውን ይዘው ቀና አሉ። ከዚያ «እንግዲህ የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እዚህ ላይ «ኧረ በጭራሽ!» ማለት ነበረብኝ። የኔ ነገር ግን አይታወቅም፤ ንዴቴ ከአፌ ይቀድማል። የሃያ አራት ዓመቱ ሁሉ መጣብኝ፣ አፈሩ፣ ደረጃው፣ የተያዘው ትንፋሽ። «ለልጄ፣ ለልጄ ሲሉ ነው የገደሉት» አልኩ።

ክፍላቸው ገቡ። የቁም ሣጥኗ መዝጊያ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን አላናገሩኝም። አላኮረፉም፣ ሻይ ስሰጣቸው ይቀበላሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ፣ ልክ ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው። ሙሽሪት የሚባል ነገር ጠፋ። ሙሽሪት መባል የሚናፍቀኝ ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ባሌን «እናትህን አንድ ነገር በልልኝ» ብለው፣ «ምን ሆነች? ደህና አይደለች እንዴ?» አለኝ።

ቀጭኗ ሐረግ መሐል ሐምሌን አልፋ ዛላ ያዘች። በየቀኑ እቆጥራለሁ። ስድስት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ። ባሌ ደግሞ ከበረንዳው በር ላይ ሆኖ ያያል፤ «ዘንድሮ ቶሎ ደረሰ እኮ! መቼ ነው የምንበላው?» ይላል። እናቱ ያዩታል፣ እኔ እናቱን አያለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደዱትን ሰው በዚያ እሸት ሲያበሉ የኖሩ ሴት፣ ልጃቸው እየጠየቃቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ ብዬ አላመንኩም። እውነቱን ልናገር፤ በረንዳውን በቁልፍ መዝጋት ሁሉ አስቤያለሁ።

አንድ ቀን የተሰፋ ልብስ ላደርስ ወጥቼ ለምሳ ተመለስኩ። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ እሸት ቦሎቄ። ባሌ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሰሃኑን እየጠረገ ነው። እናቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ሲበላ ያዩታል። ከሰሃኑ ጎን፣ ጨርቁ ላይ፣ ቀይ ክሬ ተቀምጣለች።

«ነይ ብዪ፣ እሜቴ!» አለኝ ባሌ አፉ ሞልቶ። «ዘንድሮ ደግሞ ለጉድ ነው የጣፈጠው። እንደዚህ ጣፍጦ አያውቅም!»

የያዝኩትን ቦርሳ የት እንደጣልኩት አላውቅም። «ጨረሳችሁት?» አልኩ። «አሥራ ሦስት ፍሬ ነበር የቀረን፣ እሱንም በሰሃን አቀረባችሁት! ደግ አደረጋችሁ! እኔ ምን አገባኝ፣ የእኔ እናት ዘር አይደለም፣ እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ! እናንተ ዘራችሁን ብሉ!» ሌላም ብያለሁ፤ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ። ባሌ ሹካውን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እማማ ግን በአገጫቸው ወደ በረንዳው አመለከቱኝ።

ወጣሁ። ሐረጓ ቆማለች። ዛላዎቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። አንድም አልጎደለም። ግንዷ ላይ፣ ክሬ በነበረችበት፣ ሰማያዊ ለስላሳ ጨርቅ ላላ ተደርጎ ታስሯል። ጨርቁን ዳበስኩት፤ እኔ ጨርቅ በጣቴ ነው የማውቀው። የእማማ የክት ሻሽ ነው፣ ባለቤታቸው የገዙላቸው፣ ለሰርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣው። ጫፉን ቀደው ነው ያሰሩት።

ተመልሼ ስገባ እማማ ክሬን አነሱና ሰጡኝ። «ቀጭን ክር ግንድ ያንቃል» አሉ። «ልብስ ሰፊ ሆነሽ ይኼ እንዴት ጠፋሽ?»

«እና ይኼ... ሰሃኑ ላይ ያለው?»

«የገበያ ነው። ጠዋት ከዚያ ከትንበያ ጋር ወርጄ ገዛሁ። ጅማት ብቻ ነው፣ ሲያስጠላ! ልጄ ግን አላወቀም።»

ባሌ ሰሃኑን አየ፣ እናቱን አየ። «የገበያ?» አለ። ሃያ አራት ዓመት «የእናቴ እጅ» ሲል የኖረ ሰው፣ የገበያ እሸት ሁለት ሰሃን በልቶ እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም አለ። ሳቄ መጣ፣ ግን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም እማማ በዚያ ጉልበታቸው አራት ፎቅ ወርደው አራት ፎቅ እንደወጡ ያኔ ነው የገባኝ። ሐኪም ቤት ካልሆነ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደረጃውን ረግጠውት አያውቁም። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት፣ «ተነሽ ይልቅ፣ አንቺም ብዪ፣ ሙሽሪት» አሉኝ። «ምራት ስትቆጣ ይርባታል።»

ከዚያ ወዲያ ሐረጓን የምንጠብቀው ሁለት ሆነን ነው። ጠዋት እሳቸው፣ ከሰዓት በኋላ እኔ። ዛላው ሃያ ስድስት ደረሰ። ነሐሴ አልቆ መስከረም ሲገባ ቅጠሉ ገረጣ፣ የዛላው ቆዳ ቢጫ እየሆነ መጣ፣ ግን ውስጡ ገና ሥጋ ነበረው። «አንድ ሳምንት» ይሉኛል እማማ እየዳበሱ። «አንድ ሳምንት ብቻ ይተወን።»

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ትንበያ ከታች ሆነው ተጣሩ። «ዛሬ ውርጭ አለ! ሸፍኑ!»

«ትንበያ አለ ካለ የለም ማለት ነው» አሉ እማማ። እኔም እንደዚያ አልኩ። ሰማዩ ግን ጥርት ብሏል፣ ነፋስ የለም፣ ሐይቁም እንደ ሳህን ዝም ብሏል። እማማ በርጩማቸው ላይ ትንሽ ተቁነጠነጡ። «ሰውዬው ዕድሜ ልኩን ሲሳሳት ኖረ» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ሳይሳካለት አይሞትም። ሸፍኚ።»

ብርድ ልብስ አመጣሁ፣ ለሐረጓ ቁመት አጠረ። ዞር ስል እማማ ከሥራ ክፍሌ የወፍራም ሱፍ ካፖርት በሁለት እጃቸው ታቅፈው ይመጣሉ። ያ ካፖርት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ትናንት የጨረስኩት፣ በማግስቱ የሚወሰድ።

«እማማ! የሰው ዕቃ ነው!»

«ሰውየው ዛሬ ማታ አይለብሰውም» አሉ፣ አለቀ።

ሐረጓን ከነክሯ ካፖርት አለበስናት። ትከሻው ላይ ልክ መጣች። ቁልፎቹን ቆለፍኩላት። ሌሎቹን አሥሩን በአንሶላና በጋዜጣ ሸፈንን፣ የውሃ ጠርሙሶቹን አስጠጋን፣ ገባን።

ጠዋት የበረንዳው አጥር ነጭ ሆኗል። አሥሩ ጠቁረዋል፤ አንሶላው አልጠቀማቸውም፣ ዛላቸውም ገና ለጋ ነበር። ካፖርቱን ፈታሁት። ውስጡ ያለችው ሐረግ ቅጠሏ ጠውልጓል፣ ዛላዎቿ ግን እንዳሉ ናቸው። ጋሽ ትንበያ ያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ ዞረው ሲናገሩ ዋሉ፤ ማንም አልከለከላቸውም፣ ሐቃቸው ነው። ሥራ አስኪያጁም ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ካፖርቱን ለካ፣ እጁን ኪሱ ከተተና ደረቅ ቅጠል አወጣ። «ለብል የሚደረግ ነው» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ።

ከአሥር ቀን በኋላ ዛላው ሲነካ ተንኮሻኮሸ። ሐረጓን ቆርጠን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናት፤ እማማ ይፈለፍላሉ፣ እኔ እለቅማለሁ። ባሌ መጥቶ አጠገባችን ቁጭ አለ፣ እጁን ግን አላስገባም፤ ተምሯል። የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች እማማ መዳፌ ላይ አደረጓቸው። «ንከሺው» አሉኝ። «ጥርስ ካልገባበት ደርቋል። እኔ ለዚህ የሚሆን ጥርስ የለኝም።» ነከስኩት፤ ጥርሴ ምልክት እንኳ አልተወበትም። በሃያ አራት ዓመት ያን ቦሎቄ በእጄ ስይዘው የመጀመሪያዬ ነበር። ነጠብጣቡን በጣቴ አሻሸሁት፣ ይለቅ ይመስል።

መቶ አሥራ ዘጠኝ ፍሬ ሆነ። ሁለት ሳምንት ትሪ ላይ ካደረቅነው በኋላ እማማ ብልቃጡን አመጡ። አንድ በአንድ ሲያስገቡ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ከዚያ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቁ።

«እኔ ልጻፍልዎ፤ ዓይንዎ ይደክማል» አልኩ።

«አምጪ ብያለሁ።»

ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ መስመሩም ይዘማል። ሙጫ ቀብተው ብልቃጡ ላይ ለጠፉትና በመዳፋቸው አሻሹት። ወደ እኔ ገፋ ሲያደርጉት አነበብኩ። «የሴት ልጄ ቦሎቄ። እሸት፣ ሐምሌ 22። ዘር፣ መስከረም 28።»

የተሳሳቱ መሰለኝ። «እማማ፣ የእናቴ ነው እኮ የሚባለው» አልኩ። «ሁሉም የእናቴ ነው የሚለው።»

«የጻፍኩትን አውቃለሁ» አሉ። «የደከመው ዓይኔ ነው።»

ባሌ አጎንብሶ አነበበ። እሱ እንኳ ገባው፤ እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ። ብልቃጡን በሁለት እጄ ይዤ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ፣ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ምን ያስለቅሳል?» አሉ እማማ፣ ክዳኑን እያቀበሉኝ። «ግጠሚው ይልቅ፣ ልጄ፤ እርጥበት ይገባበታል።»